አበባ የሆነው መስቀል

«ፈጠን በይ እንጂ ልጄ!» አሉ አባ የኋላሸት በቅሏቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ። «ወሬው ከእኛ ቀድሞ መካነ ሰላም ከገባ ጉዳችን ነው።»

አልታየች እርምጃዋን ጨመረች። በአንድ እጇ ቅቤ የሞላበትን ቅል ይዛለች፤ የሌላውን እጇን ጣቶች ወደ ሹራቧ እጅጌ ሰብስባቸዋለች። ጥቅምት ነው፤ ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት። ከደንቆሮ ጫካ በኩል የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ገብሱ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል፤ የሚያጭደው ጎልማሳ ግን ግማሹ ዘምቷል። የቀረው ደግሞ «ተራዬ መቼ ይሆን?» እያለ ማጭዱን ይስላል።

አማቷ አባ የኋላሸት የፈሩት ወሬ የሁዜይፋ ሞት ነበር። ሁዜይፋ የባሏ የአምባቸው የጦር ሜዳ ጓደኛ ነው፤ አንድ ጋንታ ውስጥ፣ አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። ሚስቱ የሺእመቤት መካነ ሰላም ከመናኸሪያው ጀርባ ትንሽ ሱቅ ከፍታ ትኖራለች። ባሏ እንደሞተ ገና አልሰማችም። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በወሎ ምድር እንደ ገበያ ወሬ አይወረወርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ የሟች ወገን ደርሶ፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩተው ነው መርዶ የሚነግሩት። እስከዚያ ድረስ የሚያውቅ ሁሉ አፉን ይይዛል፤ ሐዘንተኛዋ ከመንገድ እንዳትሰማውም ከእሷ የማትለይ አንዲት ሴት ቀድማ ትላካለች።

የተላከችው አልታየች ነበረች። እውነቱን እንናገር ከተባለ ደግሞ፣ አልታየች ያን ጠዋት ከሐዘኑ ይበልጥ ሆዷን የሚበላት ቅናት ነው። ለዚያውም ባሏ በሞተባት ሴት ላይ! «እኔ እንዲህ ያለሁ ክፉ ሰው ነኝ እንዴ?» ብላ ራሷን ትጠይቃለች። ለአንድ አፍታ ታፍራለች። ጥቂት እንደሄደች ግን ያው ቅናት ይመለስባታል።

ነገሩ የጀመረው በደብዳቤ ነው። ጦርነቱ በክረምቱ ማብቂያ ዳግም ሲነሣ ግንባር ላይ ስልክ ጠፋ። አያቶች ጋር ቀርቷል የተባለው ደብዳቤ ተመልሶ መጣ፤ በቆሰለ ወታደር ኪስ፣ በአይሱዙ ሾፌር መቀመጫ ሥር፣ ከሰው ወደ ሰው እየተቀባበለ። ወጣቶቹ ደብዳቤ መጻፍ የተማሩት ለአማርኛ ፈተና ነበር፤ አሁን ለነፍሳቸው ያዙት። ከሁሉም ደግሞ አምባቸው ጽሑፉ ያምራል። ትምህርት ቤት ሳለ የመምህሩን ጥቁር ሰሌዳ የሚሞላው እሱ ነበር።

«ይድረስ ለተከበሩት አባቴ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በላይ፣ በወረቀቱ አናት መሐል ላይ፣ ትንሽ መስቀል አለች። ያለ እሷ እጁ አይፈታም። ከዚያ ሰላምታው እንደ ማዕረጉ ይወርዳል፤ አባት፣ እናት፣ የንስሐ አባት፣ ክርስትና አባት፣ አጎቶች፣ ጎረቤት በየዕድሜው። ቀጥሎ በሬዎቹ ይጠየቃሉ። የቦራ እግር ተሻለው ወይ? ዳለቻ ቀንበር ለመደ ወይ? ከበሬዎቹ በኋላ፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል፣ «ለአልታየችም ሰላም በሉልኝ» ትላለች አንዲት ጠባብ መስመር።

ደብዳቤ የብቻ አልነበረም። የአምባቸው እህት ሀይማኖት ቤት ሙሉ ሰው ተቀምጦ ጮክ ብላ ታነበዋለች። አባቱ ፊት፣ ቄሱ ፊት፣ የሚስቱን ስም አስቀድሞ የሚጠራ ወንድ የመንደር መሳቂያ ነው። አልታየች ይህን አሳምራ ታውቃለች። ማወቋ ግን ምን ይጠቅማታል? ምሰሶው ሥር ቆማ ስሟን ከቦራና ከዳለቻ ጭራ ላይ ስትጠብቅ ፊቷ ይቃጠላል። ሀይማኖት ደግሞ ነገረኛ ናት፤ «አይዞሽ፣ ከበጎቹ ቀድመሻል» ብላ ቤቱን አስቃባታለች።

ይህም ባልከፋ። በመስከረም አንድ ቅዳሜ ግን እንደ ልማዷ ለየሺእመቤት ቅቤ ይዛላት ሄደች። የሺእመቤት ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች፣ የወርቅ ጥርሷን እያሳየች የምትስቅ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በኑሮዋ የሚቀናባት ሴት ናት። አልታየችን ስታይ ከመደርደሪያው ኋላ ብድግ አለችና አንድ ወረቀት አውለበለበች።

«ነይ እይልኝ እስቲ! ሦስት ገጽ ጻፈልኝ ወላሂ! ፊደል ሲያይ ራሱን የሚያመው ሁዜይፋ! አበባ እኮ ሥሎልኛል፣ እያት!»

አልታየች አየች። ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፤ የመጽሐፍ ፊደል ቀስ ብላ ትለያለች፣ የእጅ ጽሑፍ ግን ይጠላለፍባታል። ይህን እጅ ለማወቅ ግን ማንበብ አላስፈለጋትም። በወረቀቱ አናት መሐል ላይ በተሣለችው አበባ ቅጠሎች መሐል ሁለት መስመሮች ተሻግረው ይታያሉ። የአምባቸው መስቀል ነበረች። እጁ እንደ ልማዱ መስቀሏን ሠራ፤ ወረቀቱ ወደ እስላም ቤት መሄጃ መሆኑ ትዝ ሲለው ዙሪያዋን ቅጠል አልብሶ አበባ አደረጋት።

ያን ቀን ወደ ቤቷ የተመለሰችው መሬት አይታ አይደለም። ሦስት ገጽ! ባሌ ለሰው ሚስት ሦስት ገጽ! ለእኔ ቦራ፣ ለእሷ አበባ! «ሁዜይፋ እየነገረው እሱ ጻፈ፣ ምን አለበት?» ይላል አንዱ ልቧ። «ከነገረው አበባዋስ?» ይላል ሌላው። ለማን ትንገረው? ለሀይማኖት ብትነግራት ሰፈሩ ሁሉ ይስቅባታል። ዋጥ አድርጋ ዝም አለች፤ የዋጠችው ግን አልፈጭ አላት።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ክንዱ በጄሶ የታሰረ አንድ አሥር አለቃ ወደ ወግዲ ሲያልፍ ደብዳቤ አደረሰ። ቤቱ እንደ ወትሮው ሞላ። ሀይማኖት «ይድረስ» ብላ ጀመረችና ዓይኗ ወደ ታች ሲሮጥ ድምፅዋ ተቆረጠ። «አባባ፣ ሰው ይውጣ» አለች። ሰው ወጣ። ከዚያ በሹክሹክታ አነበበችው።

«ሁዜይፋ እሑድ ዕለት ተሰውቷል። አጠገቡ ነበርኩ። የእሱ ሃይማኖት ተከታይ የሆኑ ጓዶቻችን እንደ ደንቡ ሰግደውበት ቀብረነዋል። ለየሺእመቤት በወጉ ይነገርልኝ፣ ከመንገድ እንዳትሰማ። አልታየች ቀድማ ሄዳ አብራት ትደር። የሚስቱን ደብዳቤ የምጽፍለት እኔ ነበርኩ። ‹እኔ እንዴት እንደሚባል አላውቅም፣ አንተው እንደሚሆን አድርገው› ይለኛል፤ እኔም እንደሚሆን አደርገው ነበር። ያነበብኩለት ጊዜ ይስቃል። አሁን ሳቁ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።»

እትዬ ንግሥቴ፣ የአምባቸው እናት፣ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው አለቀሱ። አባ የኋላሸት ራሳቸውን ያዙ። አልታየችም አለቀሰች፤ ሁዜይፋ ደግ ልጅ ነበር፣ ቤታቸው ሲመጣ ከበር ጀምሮ ነበር የሚያስቃቸው። እንባዋ ሳይደርቅ ግን ሁለት ነገር ሆዷ ገባ። ስሟ ከበሬዎቹ ቀድሞ የተነሣበት የመጀመሪያው ደብዳቤ ይህ ነው፤ የተነሣውም ወደዚያች ሴት ቤት ሊልካት ነው። ሁለተኛው ይበልጥ አቃጠላት። «አንተው እንደሚሆን አድርገው።» እንግዲያ እነዚያ ሦስት ገጾች የሁዜይፋ ቃል አይደሉም። የባሏ ናቸው። ከገዛ ልቡ አውጥቶ ለሌላ ሴት የላካቸው!

አሁን በዚህ መንገድ ላይ፣ ቅቤ ይዛ፣ ይህን እያኘከች ነው የምትሄደው።

ከተማው ዳር ሲደርሱ አባ የኋላሸት ከበቅሏቸው ወረዱ። «ስሚኝ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ሸህ ሙሐሲን ቤት ነኝ። የልጁ ወንድሞች ዛሬ ማታ ከአቀስታ ይደርሳሉ፤ ነገ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ኢንሻላህ እንመጣለን። እስከዚያ ከቤት እንዳትወጣ። በተለይ ወደ ሸህ ሙሐሲን ቤት በኩል ዝር እንዳትል፤ ሰው ተሰብስቦ ካየች ይገባታል። ፊትሽን ታጠቢ። ዓይንሽ ያሳብቅብሻል።»

«ምን ብዬ ልደር አባባ?»

«ጥርሴን አሞኝ ጤና ጣቢያ ለነገ ቀጠሩኝ በያት።» ልጓሙን ሲያፍተለትሉ ቆዩ። «ልጄ የላከው አንቺን ነው። ሌላ ሰው አላለም።»

አልታየች ከቦኖው ውኃ ፊቷን ታጥባ ሄደች።

ሱቁ ተዘግቶ ነበር። በገበያ ቀን! ሰምታ ይሆን? የጓሮውን በር ስታንኳኳ የሺእመቤት ጥቁር አባያዋን ለብሳ፣ ሻሽዋን አጥብቃ፣ ልትወጣ ተዘጋጅታ ከፈተችላት። ዓይኗ ቀልቷል፤ የለቅሶ መቅላት ግን አልነበረም። ተናዳለች።

«መጣሽልኝ! አላህ ነው የላከሽ» አለች ክንዷን ይዛ ወደ ውስጥ እየጎተተቻት። «ቅቤውን እዚያ ጣይውና አብረሽኝ ነይ። ሸህ ሙሐሲን ቤት መሄዴ ነው።»

አልታየች ቅሉን እንደያዘች በሩ ፊት ቆመች። «ምን... ምን ልታደርጊ?»

«ፍች ልጠይቅ! ሰው ፊት ልዘርግፈው! ጅዳ ላይ በሰው ቤት እጄ እስኪላጥ ሳጥብ፣ ለእሱ ገንዘብ ስልክ፣ እሱ ለካ እዚያ ግንባር አግብቶብኛል።»

«ማን? ሁዜይፋ? ኧረ ምን ነካሽ እቴ!»

«ምን ነካሽ? ነይ፣ ቁጭ በይና ስሚ!» የሺእመቤት ነብር ያለበትን የጅዳ ብርድ ልብስ ገፋ አድርጋ አልጋው ላይ አስቀመጠቻት። ከትራሷ ሥር ወረቀት አወጣች። አዲስ ነው፤ ከሳምንት በፊት በሾፌር እጅ የመጣ። አናቱ ላይ ያችው አበባ አለች። የሺእመቤት ጣቷን ከመስመር መስመር እያስኬደች ፈለገችና አገኘችው።

«እነሆ! ‹በግራ እጅሽ አንጓ ላይ ያለችው የቃጠሎ ምልክት፣ ያች ባቄላ የምታህለው፣ ጥበቃ ላይ ቆሜ ዓይኔን ስጨፍን ቀድማ የምትመጣልኝ እሷ ናት።›» ወረቀቱን አልጋው ላይ ወረወረችው። የአባያዋን ሁለት እጅጌ እስከ ክርኗ ድረስ ሰበሰበች። «የታለች? እይ! ግራውን እይ፣ ቀኙንም እይ! የታለች ባቄላዬ? የማን እጅ ነው ይሄ? ከየትኛዋ ጋር ቢያምታታኝ ነው?»

በአልታየች ሹራብ እጅጌ ውስጥ፣ በግራ እጇ አንጓ ላይ፣ ያች ምልክት እንደ አዲስ ያቃጠለቻት መሰላት።

በተጋቡ በዓመታቸው ነው። አማቷ ቤት ለማኅበር አረቄ ሲወጣ ከጋለው የመዳብ ቱቦ ላይ እጇ አረፈ። እንግዳ ሞልቷል፤ አዲስ ሙሽራ መጮህ አትችልም፤ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ጓሮ ሮጠች። አምባቸው ተከትሏት ወጣ። ከቀፎው ጣቱን ነክሮ ማር ቀባላት፣ እፍ እፍ አለላት። አባቱ ከውስጥ «የት ሄደ ይሄ ልጅ?» ብለው ሲጣሩ እጇን ሳይለቅ «መጣሁ» አለ፣ ግን አልሄደም። ከዚያ ወዲህ ስለዚያች ጠባሳ አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም። የረሳት መስሏት ነበር።

ደስታ አጥለቀለቃት። እዚያው፣ የሙት ሚስት አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ ልቧ እስክስታ ወረደ። የእኔ ናት! እኔን ነው! ከሁሉ ቀድማ የምትመጣለት የእኔ ጠባሳ ናት! ተነሥታ እጅጌዋን ሰብስባ ይህችን ባለ ወርቅ ጥርስ ሴት «ይኸውልሽ ባቄላዋ!» ልትላት ምላሷ በላት። ሦስቱን ገጽ፣ አበባዋን፣ ሁሉንም ከእጇ መንጠቅ ነበር ያማራት። የመስከረሙ ቅዳሜ፣ የሀይማኖት ቀልድ፣ የቦራ እግር፣ ሁሉም በአንድ ቃል ሊከፈል ነው። «ባልሽ አንዲት መስመር አልጻፈልሽም፤ ይህ ሁሉ የእኔ ነው» ማለት ብቻ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለች የሺእመቤት። «ያየሽው ነገር አለ አይደል? አምባቸው የነገረሽ? ተይው፣ አትንገሪኝ። ሸህ ሙሐሲን ይነግሩኛል።» ወረቀቱን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች።

ሸህ ሙሐሲን ቤት አባ የኋላሸት ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎች እየገቡ ነው። ይህች ሴት እየተሳደበች፣ የሞተ ባሏን እያዋረደች፣ ፍች ብላ መርዶዋ መሐል ልትገባ ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ ለባሏ የሰጠችው የመጨረሻ ቃል ይኸው ይሆንባታል።

የሺእመቤት አንድ እግሯን አጥልቃ ለሌላው አጎነበሰች።

«የእኔ ናት» አለች አልታየች።

«ምኑ?»

«ባቄላዋ።» እጅጌዋን ሰበሰበች። ጠባሳዋ በመስኮቱ ብርሃን ታየች፤ ትንሽ፣ የምታብለጨልጭ፣ ከሌላው ቆዳ ነጣ ያለች።

የሺእመቤት ጫማዋን እንደያዘች ቀና አለች። መጀመሪያ ጠባሳዋን አየች፣ ቀጥሎ አልታየችን፤ ፊቷ ላይ የመጣው ነገር የሚያስፈራ ነበር። «አንቺ... ከሁዜይፋ ጋር?»

«ኧረ በማርያም! ቁጭ በይና ልንገርሽ! ደብዳቤውን የሚጽፍለት አምባቸው ነው።»

«አምባቸው?»

«ሁዜይፋ የአማርኛ ጽሑፍ እንደማይሆንለት አንቺው ነግረሽኛል። አጠገቡ ሆኖ ይነግረዋል፣ የእኔው ይጽፍለታል። እጁ የአምባቸው ነው፣ አፉ የሁዜይፋ ነው።» ይህን የመጨረሻውን ቃል ስታወጣ ከገዛ ሥጋዋ የቆረጠች ያህል አመማት። «ሁዜይፋ ‹እጇ ትዝ ይለኛል ብለህ ጻፍልኝ› ብሎት ይሆናል። የእኔ ሞኝ ደግሞ ከአንዲት ሴት እጅ ሌላ አይቶ አያውቅ፤ የሚያውቀውን ጻፈዋ! ከዚህ ሌላ ምንም የለም። ጠባሳዋ ብቻ ናት የእኔ። ሌላው ሁሉ ያንቺ ነው።»

የሺእመቤት ጫማዋ ከእጇ ወደቀ። ከዚያ ወረቀቱን ከደረቷ አውጥታ እንደገና ከፈተችው። ቶሎ የምታምን ሴት አይደለችም፤ ጅዳ ደላላ ሲያታልላት ኖሮ ተምራለች።

«እሺ ይሄስ? ‹ስትስቂ አፍሽን በልብስሽ ጫፍ የምትሸፍኚው› ይላል። እኔ ስስቅ መናኸሪያ ድረስ ይሰማል። መቼ ነው አፌን የሸፈንኩት?»

አልታየች የነጠላዋ ጫፍ በእጇ እንደነበር ያኔ ታወቃት። ቀስ አድርጋ ለቀቀችው።

«በሰርግሽ ቀን» አለች።

«በሰርጌ?»

«ተጠርተን መጥተን አልነበር? ሙሽራ ሆነሽ እሱ አንድ ነገር ሹክ ሲልሽ ሳቅሽና በሻሽሽ ጫፍ አፍሽን ሸፈንሽ። በዓይኔ ነው ያየሁሽ።»

ውሸት ነበር። የሺእመቤት በሰርጓ ቀን የሳቀችው ጥርሷን በሙሉ አሳይታ ነው፤ አክስቶቿ እስኪያፍሩ ድረስ። አሁን ግን አልጋው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ፊቷ ለሰለሰ፤ ራቅ ያለ ነገር የምታስታውስ መሰለች።

«ሸፍኜ ነበር እንዴ?» አለች። «አየሽ፣ እኔስ ረስቼዋለሁ። እሱ አልረሳም።»

«አልረሳም» አለች አልታየች።

የሺእመቤት አባያዋን አወለቀች። ሸህ ሙሐሲን ተረሱ። አልታየች የጥርሱን ሕመም ውሸት ነግራት «ልደርብሽ?» ስትላት፣ የሺእመቤት ሳታስጨርሳት «ምን ጥያቄ አለው!» አለችና ለሁለቱም እንዲሆን ብላ ምስር ወጥ ሠራች። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ለየብቻ ነውና ምስር ሁሉንም ያስማማል። ስትሠራ ታንጎራጉራለች። ሰው ሱቁን ሲያንኳኳ አልታየች እየቀደመች «የለችም!» ትላለች። የሺእመቤት «ኧረ ደንበኞቼን አባረርሽብኝ!» ብላ ትስቃለች፤ ደስ ብሏታልና አልተቆጣችም። ያ ሳቅ ለአልታየች ከስድብ ይብስባት ነበር።

መሸት ሲል የሺእመቤት ወረቀቷን ይዛ ጎኗ ተቀመጠች። «እኔ ክፉ ጠርጥሬው፣ አስታግፈሩላህ! ነገ ይቅር በለኝ ብዬ እጽፍለታለሁ። አንቺ የአምባቸውን ደብዳቤ የሚያደርስ ሰው ታገኚልኛለሽ።» ጣቷን አበባዋ ላይ አሳረፈች። «ይችስ? ይችንም ያንቺው ባል ነው የሣላት?»

አልታየች አጎነበሰች። ከቅጠሎቹ መሐል ሁለቱ መስመሮች ተሻግረው ቆመዋል። ይህችን እንኳ ልታስቀራት ፈልጋ ነበር። ከሁሉ ይህችን። ባሏ ለእሷ ምንም ሥሎላት አያውቅም።

«መሣሉን እሱ ሥሏት ይሆናል» አለች። «ሣልልኝ ያለው ሁዜይፋ ነው እንጂ አምባቸው አበባ ምን ያውቃል? የሚያውቀው በሬ ነው።»

የሺእመቤት ከት ብላ ሳቀች። «እንግዲያውስ ከመጀመሪያው ላንብብልሽ፣ ስሚ ምን እንደሚለኝ።» ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጋች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

አልታየች የባሏን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው እንዲህ ነው፤ በሌላ ሴት አፍ፣ በሌላ ሴት ስም። የሺእመቤት ቀስ እያለች፣ እያጣጣመች አነበበችው። ምንጭ ስትወርድ ከኋላዋ ሆኖ እንደሚያያት። ቁጣዋ ሲመጣ ቅንድቧ እንደሚቀድማት። ለምግብ ሲጠሩት የእሷ ድምፅ እየመሰለው ዞር እንደሚል። አልታየች ጉልበቷን አቅፋ ታዳምጣለች፤ እያንዳንዷን መስመር ታውቃታለች፣ እያንዳንዷን ደግሞ ትሰጣለች።

«‹ሰው ፊት ስምሽን መጥራት ስለማፍር ወደ ኋላ አደርገዋለሁ። አትቀየሚኝ። በሆዴ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠራው አንቺን ነው፤ ከእናቴም ከአባቴም በፊት።›» የሺእመቤት ቀና አለች። «ወይ ሁዜይፋ! ሰው ፊት ስሜን መጥራት መቼ አፍሮ ያውቃል? ገበያ መሐል አይደል እንዴ ‹የሺዬ!› ብሎ የሚጮህ?»

አልታየች ፊቷን ጉልበቷ ላይ ቀብራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ምነው? ምን ሆንሽ እታለም?» ወረቀቱን አስቀምጣ ጀርባዋን ዳሰሰቻት፤ እንደ አዋቂ ሴት፣ ገባኝ ብላ ፈገግ አለች። «ቀናሽ እንዴ?»

አልታየች ቀና አለች። ውሸት የመናገር አቅም አልቆባት ነበር።

«አዎ» አለች። «ቀናሁብሽ።»

«አብሽሪ» አለቻት የሺእመቤት እንባዋን በመዳፏ እየጠረገችላት። «ሲመለሱ እነግርልሻለሁ። ከሁዜይፋ ይማርና ላንቺም ይጻፍልሽ።»

አልታየች ያን ሌሊት ከእሷ ጋር አንድ ብርድ ልብስ ለብሳ ተኛች። ስትነቃ አዛኑ ዝም ብሎ፣ በመስኮቱ ግራጫ ብርሃን ገብቷል። የሺእመቤት አፏን ትንሽ ከፍታ ታንኮራፋለች። ደብዳቤው ከእጇ ተንሸራትቶ መሬት ወድቋል። አልታየች አነሣችው፤ አበባዋን አየቻት፣ እንደ መሳም አድርጋ ከንፈሯን አስጠጋችባት። ከውጭ የብዙ ሰው እርምጃ፣ የከዘራ ድምፅ፣ የአባ የኋላሸት ጉሮሮ ጠረግ ማለት ተሰማ።

ወረቀቱን የሺእመቤት መዳፍ ውስጥ አስገብታ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈችላት። እጅጌዋን እስከ ጣቷ ድረስ ጎትታ ጠባሳዋን ሸፈነች። ከዚያ ተነሥታ በሩን ከፈተችላቸው።